አንድ በረራ፣ ሁለት ሎግቡክ፦ በሴፍቲ ፓይለት ሰዓት አመዘጋገብ ላይ የጉዳይ ጥናት

ይህን የምጽፈው በባለጉዳዩ ፈቃድ ነው። ስሙን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤትና ያመለከተበትን ድርጅት አልጠቅስም። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣት አብራሪዎች ሎግቡካቸውን፣ ማለትም የበረራ ሰዓት መመዝገቢያ ደብተራቸውን፣ ሲያሳዩኝ ሁለት ሰዎች አብረው የበረሩትን ሰዓት በስሕተት የመመዝገብ ችግር መልኩን እየቀያየረ ስለሚገጥመኝ፣ አንዱን ከሥሩ መዘርዘሩ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

## ዳራ

ወጣቱ የለገጣፎ ልጅ ነው። አባቱ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ልጃቸውን ለበረራ ትምህርት አሜሪካ የላኩት ከሱቁ ባገኙት ገንዘብና ከዘመድ በተበደሩት ነው። ይህን የማነሣው እያንዳንዷ የበረራ ሰዓት ለቤተሰቡ ምን ማለት እንደነበረች እንዲታወቅ ነው።

እዚያ መጀመሪያ የግል አብራሪነት ፈቃድ፣ ቀጥሎም የኢንስትሩመንት ሬቲንግ፣ ማለትም ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ የመብረር ተጨማሪ ፈቃድ፣ አገኘ። ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለመፈተን ግን እሱ በተማረበት መንገድ 250 የበረራ ሰዓት መሙላት ነበረበት። አውሮፕላን በሰዓት ተከራይቶ ብቻውን እየበረረ መሙላት ይችላል፤ ኪሱ ግን አልቻለም። ስለዚህ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደውን ዘዴ ተከተለ። ዕድሜው 40 ካለፈ፣ የቀድሞ ሙያውን ትቶ አብራሪ ለመሆን ከሚማር ሰው ጋር ተጣምሮ ሴስና 172 ይከራያሉ። አንዱ ዓይኑን ተከልሎ በመሣሪያ ሲበር ሌላው ውጭውን የሚጠብቅለት ሴፍቲ ፓይለት ይሆናል። ሲመለሱ ይቀያየራሉ። ኪራዩን እኩል ይከፍላሉ፣ ሰዓቱን ደግሞ ሁለቱም ይመዘግባሉ።

ዘዴው በራሱ ሕጋዊ ነው። ብዙ ሰው ሐሜት አድርጎ «የወረቀት ሰዓት» ይለዋል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በአግባቡ ከተሠራ ሁለቱም ሰዎች የሚማሩበት በረራ ነው። ጥያቄው በአግባቡ መሠራቱና በአግባቡ መጻፉ ላይ ነው።

## ችግሩ እንዴት ወጣ

ወጣቱ ፈቃዱን ይዞ ተመለሰና በአንድ አነስተኛ የበረራ ድርጅት ውስጥ ለወጣ ክፍት ቦታ አመለከተ። ማስታወቂያው በዋና አብራሪነት፣ ማለትም በፒአይሲ፣ የተመዘገበ 200 ሰዓት ይጠይቃል። በእሱ ሎግቡክ ላይ በጠቅላላ 266 ሰዓት፣ ከዚህ ውስጥ 204 በፒአይሲ ተመዝግቧል። ስለዚህ መስፈርቱን ያሟላ መስሎት ነበር።

ሎግቡኩን ያዩት የድርጅቱ ካፒቴን አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። በገጹ ላይ የሁለት ሰዓት በረራ አለ። ሁለቱም ሰዓት በፒአይሲ፣ ሁለቱም ሰዓት በክሮስ ካንትሪ፣ ማለትም ርቆ ወደ ሌላ ቦታ በተደረገ በረራ፣ ተጽፏል። የማረፊያ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ቀጣዩ መስመርም፣ ከዚያ በታች ያለው ሌላውም እንደዚያው። «ልጄ፣ ይህን አውሮፕላን ማን አሳረፈው?» ብለው ጠየቁት። አጋሩ እንዳሳረፈው በእውነት ተናገረ። ካፒቴኑም ሎግቡኩን መለሱለትና «አጣርተህ አምጣ» አሉት።

ወደ እኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

## ደንቡ ምን ይላል

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ መቆየት አለብኝ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

ሴፍቲ ፓይለት የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚበረው ሰው ሁድ የሚባለውን መከለያ ወይም ፎግልስ የሚባለውን ከፊሉ የደበዘዘ መነጽር አድርጎ ከመሣሪያ ሰሌዳው በቀር ምንም አያይም። ውጭው ግን ጥርት ያለ ሰማይ ነው፤ ሌሎች አውሮፕላኖች፣ ወፎችና ተራሮች አሉበት። ስለዚህ ሌላ ሰው ማየት አለበት። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ በቺካጎ ስምምነት አባሪ 2 ላይ ይህንን ደንግጓል። አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ጥንድ መቆጣጠሪያ ሊኖረው፣ በአንዱ የመቆጣጠሪያ መቀመጫ ላይም ብቃት ያለው አብራሪ ሊቀመጥ ይገባል። ይህ ሰው ወደ ፊትና ወደ ሁለቱም ጎን በቂ እይታ ያስፈልገዋል፤ ካልበቃው የሚያግዘው ተመልካች መሳፈር አለበት።

ወጣቱ የበረረው አሜሪካ ስለሆነ ግን የሚገዛው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ የኤፍኤኤ፣ ደንብ ነው። በደንቡ አንቀጽ 91.109 መሠረት ሴፍቲ ፓይለት ቢያንስ የግል አብራሪነት ፈቃድ፣ ለሚበረው አውሮፕላን ምድብና ክፍል የሚሆን ሬቲንግ ጭምር ሊኖረው ይገባል። ለሴስና 172 ይህ ማለት ባለ አንድ ሞተር፣ ከየብስ የሚነሣ አውሮፕላን ማብረር የተፈቀደለት ማለት ነው። በረራው በእይታ ደንብ እስከሆነ ድረስ የኢንስትሩመንት ሬቲንግ አይጠየቅም። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ ግን ባለ አንድ ሞተር ብቻ የተፈቀደለት ሰው ሴፍቲ ፓይለት መሆን አይችልም።

ሕክምናውን ብዙዎች ይረሱታል። ሴፍቲ ፓይለት ለዚያ በረራ ደንቡ ግድ ያለው የበረራ አባል ስለሆነ ጊዜው ያላለፈ የሕክምና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የሦስተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት በምርመራው ዕለት ዕድሜው ከ40 በታች ለሆነ ሰው 60 ወር፣ 40 ለሞላው ወይም ላለፈው 24 ወር ያገለግላል። ከታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቤዚክሜድ የተባለውን ቀለል ያለ የሕክምና ሥርዓት ያሟላ ሰውም የበረራው ፒአይሲ ባይሆን እንኳ ሴፍቲ ፓይለት ሊሆን ይችላል፤ ሥርዓቱን ማሟላት ግን ግድ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በአንቀጽ 61.51 መሠረት መቆጣጠሪያውን ብቻውን የያዘ፣ ለአውሮፕላኑም ሬቲንግ ያለው አብራሪ ያንን ጊዜ በፒአይሲ መመዝገብ ይችላል። ሁድ ያደረገው ሰው በዚህ ይገባል። ሴፍቲ ፓይለቱ መቆጣጠሪያውን ስላልያዘ ሌላ በር ያስፈልገዋል። በሩ ይህ ነው፦ በረራው የሚመራበት ደንብ ከአንድ በላይ አብራሪ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የበረራውን ኃላፊነት የያዘው ሰው መቆጣጠሪያውን ባይነካም ፒአይሲ ይመዘግባል። ስለዚህ ሁለቱ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት «የዛሬው በረራ ኃላፊ ሴፍቲ ፓይለቱ ነው» ብለው ከተስማሙ፣ ያም ሰው ኃላፊ ለመሆን የሚያስፈልገውን ሁሉ ካሟላ፣ ለአንድ ሰዓት ሁለቱም ፒአይሲ ይጽፋሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ኃላፊው ሌላኛው ከሆነ ግን ሴፍቲ ፓይለቱ የሚጽፈው በረዳት አብራሪነት፣ በኤስአይሲ፣ ነው።

ፒአይሲም ሆነ ኤስአይሲ ለሴፍቲ ፓይለቱ የሚሠሩት አጋሩ ሁድ ባደረገበት ጊዜ ብቻ ነው። በመንደርደሪያው ላይ ሲጓዙ፣ ሲነሡና ሁድ ወልቆ ሲያርፉ አውሮፕላኑ አንድ አብራሪ ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ሰው በዚያን ጊዜ ተሳፋሪ ነው። በዚሁ ምክንያት የኤፍኤኤ የሕግ ክፍል በሰጠው ትርጓሜ ሴፍቲ ፓይለት ክሮስ ካንትሪ አይመዘግብም፤ መነሣትና ማረፍን ጨምሮ በረራውን የፈጸመው እሱ አይደለምና። የኢንስትሩመንት ሰዓትና አፕሮችም፣ ማለትም በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማረፊያ መቅረብም፣ የሚመዘገበው መቆጣጠሪያውን ለያዘው ሰው ነው። እሱም በበኩሉ የሴፍቲ ፓይለቱን ስም መጻፍ አለበት።

## ምን አደረግን

መጀመሪያ የጋራ በረራዎቹን ለየን። በጠቅላላ 96 ሰዓት ሆኑ፦ 48 ሰዓት እሱ የበረረበት፣ 48 ሰዓት ሴፍቲ ፓይለት የሆነበት። በሎግቡኩ ላይ 96ቱም ሰዓት በፒአይሲና በክሮስ ካንትሪ ተጽፏል። በአጋሩ የተሠሩ አፕሮቾች ሳይቀሩ በእሱ ስም ገብተዋል። የሴፍቲ ፓይለት ስም አንድም ቦታ የለም።

ቀጥሎ ማስረጃ መሰብሰብ ነበር። አሜሪካ ያለው አጋሩ የሎግቡኩን ገጾች ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከ፤ ለገጣፎ ታክሲ ተራ አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። የኪራይ ደረሰኞቹ በሆብስ ሜትር፣ ማለትም በአውሮፕላኑ የሰዓት ቆጣሪ፣ የተሞሉ ስለነበሩ የእያንዳንዱን በረራ ርዝመት አረጋገጡልን። ታብሌቱ ላይ በፎርፍላይት፣ በአብራሪዎች መተግበሪያ፣ የተቀመጡ የበረራ ዱካዎችም ለከፊሎቹ ተገኙ።

ትልቁን ሥራ የሠራልን ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። ልጁ የወጪ ማስታወሻ ደብተር ነበረው፤ በአማርኛ፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ። አባቱ ገንዘቡን እንዲያስረዳቸው ስለጠየቁት በየቀኑ «እኔ ግራ፣ እሱ ቀኝ፣ እኩል ከፈልን» እያለ ጽፎበታል፤ ግራ የተቀመጠው የሚበረው ነው። ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስንመልሳቸው ከደረሰኞቹ ጋር ገጠሙ። በዚህ መንገድ በየትኛው በረራ ማን እንደበረረ ያለ ጥርጥር ታወቀ።

ከዚያ ወደ ሂሳቡ ገባን። ሴፍቲ ፓይለት በሆነበት 48 ሰዓት ውስጥ አጋሩ በሎግቡኩ ላይ በሁድ የጻፈው 36.5 ሰዓት ብቻ ነው። ቀሪው 11.5 ሰዓት የመንደርደሪያ ጉዞ፣ የመነሣትና የማረፍ ጊዜ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ክሮስ ካንትሪውም 48ቱ ተሰረዘ። ከራሱ 48 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከመነሻው ቀጥታ ርቀት ከ50 የባሕር ማይል በላይ የሆነ ቦታ ያረፈባቸው በረራዎች ብቻ ሲቆጠሩ 41 ሰዓት ቀረ።

## የተከራከርንበት ቦታ

36.5ቱ ሰዓት ፒአይሲ ነው ወይስ ኤስአይሲ? ማስታወቂያው 200 ፒአይሲ ስለሚጠይቅ ልጁ ለዚህ ነጥብ ተሟግቷል።

«ጋሼ፣ አጋሬ የበረራው ኃላፊ አንተ ነበርክ ብሎ ደብዳቤ ይጽፍልኛል። ዛሬውኑ ይፈርማል።»

«ሊፈርም ይችላል። በዚያን ቀን ግን ከመነሣታችሁ በፊት እንዲህ ተባብላችኋል?»

ዝም አለ። አልተባባሉም ነበር። አጋሩን በስልክ ስንጠይቀውም «ሁለታችንም ፒአይሲ እንጽፋለን ብለን ነበር፤ ኃላፊው ማን እንደሆነ ግን አንሥተነው አናውቅም» አለ። የኪራይ ውሉን ስናየው ነገሩ ተዘጋ። ውሉ አውሮፕላኑን የፈረመው ተከራይ የበረራው ኃላፊ እንደሆነ ይላል፤ በእነዚያ በረራዎች የፈረመው አጋሩ ነው።

ደብዳቤው እንዳይጻፍ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬ ፊርማ የትናንትን ስምምነት አይፈጥርም፣ ከውሉ ጋርም ይጋጫል። በኤፍኤኤ ደንብ መሠረት ሆን ተብሎ የተጻፈ ሐሰተኛ የሎግቡክ መስመር ፈቃድን እስከማሳጣት ያደርሳል፤ ደብዳቤው የሁለቱንም ፈቃድ አደጋ ላይ ይጥላል። አባቱ ከጎናችን ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «ተወው፣ ያልሆነውን ሆነ አትበል» አሉት። ልጁ ለሁለት ቀን አኩርፎ ነበር፤ በኋላ 36.5ቱን ኤስአይሲ ብሎ ራሱ ጻፈው።

## ያልጠበቅነው

የአጋሩን ወረቀቶች ስናገላብጥ የሕክምና ምስክር ወረቀቱ ቀን ዓይናችን ውስጥ ገባ። ዕድሜው ከ40 በላይ ስለሆነ 24 ወሩ አልቆ ነበር። ቤዚክሜድም አላሟላም። ጊዜው ካለፈበት በኋላ ራሱ ሁድ አድርጎ አልበረረም፤ ድርሻውን ቀድሞ ጨርሶ ለልጁ ውለታ ሲመልስ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ልጁ 6 ሰዓት በሁድ በርሯል፤ ብቁ ሴፍቲ ፓይለት ግን አልነበረውም ማለት ነው።

ልጁ ይህን አላወቀም፣ አልጠየቀምም። መቆጣጠሪያውን ብቻውን ስለያዘ የፒአይሲ ሰዓቱን አልነካነውም። በሁድ የተመዘገበው ሰዓት ግን ከ38 ወደ 32 ወረደ፤ በእነዚያ ቀናት የተሠሩ አፕሮቾችም ከቆጠራው ወጡ። አጋሩም ጉዳዩን ለራሱ ኢንስትራክተር እንዲነግር መከርነው፤ ነገረ።

## የመጨረሻው ሂሳብ

ጠቅላላው ከ266 ወደ 254.5 ወረደ። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ቁጥር ሳይሆን የንግድ አብራሪነት ፈተናው ዕለት የነበረው ነው፤ ያኔ የተመዘገበው 264 ነበር። 11.5 ሲቀነስለት 252.5 ይሆናል። ከ250 በታች ቢወርድ ኖሮ ነገሩ ከሎግቡክ እርማት አልፎ የፈቃዱ ጉዳይ ይሆን ነበር። ለጥቂት ተርፏል።

ፒአይሲው ከ204 ወደ 156 ወረደ። ከዚህ ውስጥ 35 ሰዓት ከኢንስትራክተር ጋር ለሬቲንግ ሲማር የበረረው ነው። በአሜሪካ ደንብ ፈቃድ ያለው ሰው መቆጣጠሪያውን ብቻውን ከያዘ በትምህርት ላይ እያለም ፒአይሲ መመዝገብ ስለሚችል ስሕተት የለበትም። በሌላ አገር የሚያነብ ሰው ግን ትምህርት የተባለውን ሰዓት ከዋና አብራሪነት ጋር አይደምረውም። ስለዚህ በተያያዘ ገጽ ላይ «በራስ ኃላፊነት የተበረረ፦ 121» ብለን ለብቻው አወጣነው።

ኤስአይሲውንም ለብቻው ያወጣነው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የኢካኦ አባሪ 1 በአንድ አብራሪ ሊበር በተፈቀደለት አውሮፕላን ላይ አንድ አገር ረዳት አብራሪ ግድ ሲል፣ ያ ሰዓት ለከፍተኛ ፈቃድ ከሚጠየቀው ጠቅላላ ሰዓት ላይ ከግማሽ የበለጠ እንዳይታሰብ ይላል። ሴፍቲ ፓይለትን በዚህ ዓይን የሚያይ መርማሪ ቢገጥመው 36.5ቱ በግማሽ ይታያል። በዚያም ሂሳብ ጠቅላላው ወደ 236 ገደማ ይሆናል፤ አባሪው ለንግድ አብራሪነት ከሚጠይቀው 200 ሰዓት በላይ ነው፣ 121ዱም ከሚጠይቀው 100 የዋና አብራሪነት ሰዓት በላይ ነው።

እርማቱን ስንጽፍ አንድም መስመር በነጭ ቀለም አልሸፈንንም፣ ገጽም አልቀደድንም። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ተሰረዘ፤ አጠገቡ ትክክለኛው ቁጥር፣ የእርማቱ ቀንና ፊርማ ገባ። የሴፍቲ ፓይለቱ ስም በየመስመሩ ተጨመረ። ደረሰኞቹና የደብተሩ ቅጂ ከኋላ ተያያዙ።

## የሠራውና ያልሠራው

ካፒቴኑ የተስተካከለውን ሎግቡክ ያለ ጥያቄ ተቀበሉ። ሥራው ግን አልተገኘም፤ 200 ፒአይሲ የለውም። ፋይሉን አስቀምጠው በሚቀጥለው ቅጥር እንዲመጣ ነገሩት። ልጁ አሁን የሚያስፈልገውን ሰዓት ለመሙላት ገንዘብ እያጠራቀመ ነው፤ እስከዚያው በአባቱ ሱቅ ይሠራል።

በፎርፍላይት ዱካዎች ላይ የጣልነው ተስፋ ከግማሽ በላይ አልሄደም፤ ታብሌቱ ተቀይሮ ስለነበር የቆዩት ጠፍተዋል። ከትምህርት ቤቱ የጠየቅነው የበረራ መርሐ ግብርም አልመጣም። የወረቀት ደረሰኝ ባያስቀምጥ ኖሮ ሁለቱን ሎግቡኮች ማስታረቅ አንችልም ነበር።

## ሌሎች ሊወስዱት የሚችሉት

ከሴፍቲ ፓይለት ጋር የምትበር ከሆነ ሞተር ከመነሣቱ በፊት የበረራው ኃላፊ ማን እንደሆነ ተነጋገሩና ሎግቡኩ የአስተያየት ዓምድ ላይ ጻፉት። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ፒአይሲ በስምምነት እገሌ፤ ሁድ 1.4 ሰዓት»። ኃላፊው ሴፍቲ ፓይለቱ ከሆነ የኪራይ ውሉና ኢንሹራንሱ ይህን መፍቀዳቸውን እዩ፤ ደንቡ የፈቀደውን ውሉ ሊከለክል ይችላል። የአውሮፕላኑ ሞተር ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ከሆነ ደግሞ ኃላፊው ለዚያ የሚሆን የኢንስትራክተር ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ኃላፊ ያልሆነ ሴፍቲ ፓይለት ግን አያስፈልገውም።

የአጋርህን ፈቃድና ሕክምና ወረቀት በዓይንህ እይ። በእኛ ባህል ታላቅን ሰው «ወረቀትህን አሳየኝ» ማለት ያሳፍራል፤ ልጁም ያልጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው አስቀድሞ የራስን ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ነው፤ ሌላው ሳይጠየቅ የራሱን ያወጣል።

ሁድ የተደረገበትንና የወለቀበትን ሰዓት ሴፍቲ ፓይለቱ በጉልበቱ ላይ ባለው ወረቀት ይያዝ፤ የሚበረው ሰው ሰዓት ለማየት ጊዜ የለውም። ካረፉ በኋላ ሁለቱ ሎግቡኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቢሞሉ የሁዱ ሰዓት በአንዱ 1.4፣ በሌላው 2.0 የሚሆንበት ዕድል አይኖርም።

ለመመለስ ያሰበ ሰው ደግሞ ሎግቡኩን የሚያነበው የአሜሪካ መርማሪ ብቻ እንዳልሆነ አስቦ ከመጀመሪያው ሦስት ዓምዶች ለብቻቸው ይያዝ፦ በራስ ኃላፊነት የተበረረ፣ ከኢንስትራክተር ጋር የተበረረ፣ በሴፍቲ ፓይለትነት የተያዘ። ባዶ ዓምድ በሌለው ሎግቡክ ላይ በእርሳስ አስምሮ መጨመር ይቻላል።